ከአባይ ማዶ የመጣ ምሳር

ድሮ ነው። ከደሴ የሚመጣው የመኪና መንገድ መካነ ሰላም ሳይደርስ፣ ከቦረና ወደ ጎጃም የሚያሻግር ድልድይም ሳይሠራ አንድ ሲራራ ነጋዴ ነበር። በጋ በገባ ቁጥር የደጋውን ባናና የበግ ጸጉር በአጋሰስ ጭኖ ቁልቁል ወደ በረሃው ይወርዳል፤ አባይን ይሻገራል፤ መርጡለ ማርያም በኩል ሸጦ፣ ደጋው የሚፈልገውን ገዝቶ ይመለሳል። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ይሞላል፤ ወዲህ ያለው ወዲህ፣ ወዲያ ያለው ወዲያ ይቀራል።

አንድ ዓመት ነጋዴው ለመካነ ሰላም ገበያ አርባ የምሳር ብረት ይዞ መጣ። ከአንድ ቀጥቃጭ አንዱን ባንድ አሞሌ ጨው የገዛው ነው። ቤቱ አስገብቶ እጀታ አስገጠመለት፤ በጥቀርሻና በሞራ አስወለወለው፤ ከዚያ ለቸርቻሪዎች አከፋፈለው። ገበያ ላይ ሁለት ሁለት አሞሌ ወጣ። «ከአባይ ማዶ የመጣ ነው» ስለተባለ ሰዉ ተሻማበት።

ከአርባው አንዱን አንድ ገበሬ ገዛ። ምሳር ገዢ የሚያደርገውን ሁሉ አደረገ፤ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ እጀታውን ነቀነቀ፣ ብረቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ አየ። እንከን አላገኘበትም።

ሐምሌ ሲገባ ነፋስና ዝናብ አንድ ትልቅ ወይራ ነቅሎ ከገበሬው ማሳ ላይ ጣለው። ገበሬው ጎረቤቶቹን ለደቦ ጠራ። ምሳሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ የአንዲት መበለት ልጅ ዘንድ ደረሰ። ልጁ ሦስት ጊዜ መታ። በአራተኛው ከምሳሩ አፍ የጥፍር ያህል ስባሪ ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ወጌሻ ተጠርቶ ስባሪውን አወጣው፤ ዓይኑን ግን አላተረፈውም።

እናትየዋ ዓይኑን የሸፈነችበትን ጨርቅ ሳታነሳ ሰባራውን ምሳር በነጠላዋ ቋጥራ ወጣች። መጀመሪያ ገበሬው ዘንድ ሄደች። «እህቴ፣ እኔ ልጅሽን ለመጉዳት ጠራሁት? ብረቱን እንዳንቺው አላውቀውም» አላት። ቸርቻሪዋ ዘንድ ሄደች። «እቴዋ፣ እኔ እንደመጣልኝ ነው የሸጥኩ፤ ያመጣውን ጠይቂው» አለቻት። ነጋዴው ዘንድ ሄደች።

«እኔ ቀጥቃጭ ነኝ?» አላት ነጋዴው። «የሠራውን ሰው ጠይቂ። አገሩን እነግርሻለሁ፤ ከአባይ ማዶ ነው።»

ሴትዮዋ ቁልቁል ወደ ገደሉ አየች። ሐምሌ ነው፤ አባይ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። መልስ አልሰጠችውም። የነጠላዋን ጫፍ ከነጋዴው ኩታ ጫፍ ጋር አሰረችና «በሕግ አምላክ! ዳኛ ፊት እንቁም» አለችው። ያኔ እንዲህ የተቆራኙ ሰዎች ሳይዳኙ መላቀቅ ነውር ነበር። ነጋዴው በገበያተኛው ፊት እየተመናቀረ ከገበያው ዳር ካለው ጥድ ሥር ደረሰ። እዚያ አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህና አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ለዳኝነት ተቀምጠዋል።

«ተጠየቅ!» አለች ሴትዮዋ እንደ ሙግቱ ወግ። «የልጄን ዓይን ያጠፋውን ብረት አላመጣህም?»

«ማምጣቱን አምጥቻለሁ» አለ ነጋዴው። «ግን አባቶቼ፣ ፍረዱኝ። አንደኛ፣ አልቀጠቀጥኩትም። ሁለተኛ፣ ለልጇ አልሸጥኩለትም። እኔ ለቸርቻሪ ሸጥኩ፤ ቸርቻሪዋ ለገበሬው ሸጠች፤ ገበሬው ለልጇ አዋሰው። በእኔና በልጇ መካከል ምን ውል አለ? ሦስተኛ፣ ስንጥቅ ካለው እኔም አላየሁትም። አውቄ ብሸጥ ኖሮ ሐሰተኛ በተባልኩ።»

ከተሰበሰበው ሰው መካከል አንዱ ብድግ ብሎ «ቀጥቃጭ መቼም የታወቀ ነው፤ ዓይኑ ክፉ ነው፤ ልጁን የበላው እሱ ነው» አለ። ነጋዴው ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። ሼሁ ግን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። «ያልመጣ ሰው አይወቀስም። ስንጥቅ ካለም ብረቱ ውስጥ ይገኛል እንጂ ቀጥቃጩ ዓይን ውስጥ አይደለም። ብረቱን አምጪው።»

ሴትዮዋ ቋጠሮዋን ፈታች። ሽማግሌው ሰባራውን ምሳር ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። የተሰበረበት ገጽ ሁለት መልክ ነበረው፤ ግማሹ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፤ ግማሹ ጥቁር፣ ዝገት የጀመረው። የመንደሩ ቀጥቃጭ ተጠራ።

«አባቶቼ፣ የነጣው ያን ዕለት የተሰበረው ነው» አለ ቀጥቃጩ። «የጠቆረው ግን ከእሳት ሲወጣ ጀምሮ ያልተያያዘው ነው። ሠሪው ሁለት ብረት ደርቦ ሲቀጠቅጥ እሳቱ አልበቃውም፤ በመካከሉ ቆሻሻ ቀርቶበታል። እንዲህ ያለው ለጊዜው ይሠራል፤ ጠንካራ እንጨት ሲያገኝ ይከዳል።»

«ልጁ ድንጋይ መትቶበት ቢሆንስ?» አሉ ቄሱ። የደቦው ሰዎች አንድ በአንድ ተጠየቁ። ወይራ እንጂ ድንጋይ አልመታም አሉ።

«ገዢው ይህን ስንጥቅ ሊያየው ይችል ነበር?» አሉ ሽማግሌው።

«በምን ዓይኑ! ጥቀርሻና ሞራ ተቀብቷል። መትቶ እንዳይሰማው እጀታ የገባበት ብረት አይጮህም። እጀታ ሳይገባበት በገመድ አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ ቢነኩት ግን ደህናው ይጮሃል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል።»

«አርባ ምሳር እንዲህ ለመሞከር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«አንድ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ያልቃል።»

ሽማግሌው ወደ ነጋዴው ዞሩ። «ሞክረሃል?»

«አልሞከርኩም። የምሞክረው ለምን ብዬ ነው? እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ብረት አላውቅም። ደግሞ አባቶቼ፣ ነገሩን አስቡት። ከወንዝ ማዶ ላመጣሁት ዕቃ ሁሉ ተጠያቂ ካደረጋችሁኝ ከእንግዲህ ማን ይሻገራል? ምሳር የሚያመጣላችሁ ታጡና እንጨት በጥርሳችሁ ትፈልጣላችሁ።»

ይህን ጊዜ ገበያተኛው አጉረመረመ። እውነትም ምሳር በጠፋ ዓመት ሰው ተቸግሮ ነበር። ሦስቱ ዳኞች ፈንጠር ብለው ተመካከሩ፤ ተመልሰውም ሽማግሌው እንዲህ ሲሉ ፈረዱ።

«ልጄ፣ ቀጥቃጭ ነህ አላልንህም። ሐሰተኛ ነህም አላልንህም። ዋስ ነህ ነው ያልነው። እኛ ያን ቀጥቃጭ አናውቀውም፤ የመረጥከው አንተ ነህ። ዋጋ የቆረጥከው አንተ ነህ። ብረቱን ራቁቱን ያየኸው፣ ልትሞክረው ትችል የነበርከውም አንተ ብቻ ነህ፤ እኛ ያየነው እጀታ ካስገባህና ሞራ ከቀባህ በኋላ ነው። ያን ብረት አሻግረህ ገበያችን ላይ ስታወርድ ለማናውቀው ሰው ሥራ ዋስ ሆነህ ገብተሃል።

«ውል የለንም ላልከው፣ ምሳር ካንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ እንደሚዞር ታውቃለህ፤ ለገበያ ያመጣኸው ማንም ሊይዘው ነው። ይች ሴት ከቀጥቃጩ ጋር ትሟገት ላልከው፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው። እሷ ስሙን አታውቅም፤ ደጁን አታውቅም፤ ብትሻገር እንኳ የአገሩ ሰው አይደለችምና የሚሰማት የለም። አንተ ስሙንም ደጁንም ታውቃለህ፤ ከርሞም ለንግድ ትሄዳለህ።

«ማን ይሻገራል ላልከው ደግሞ ስማኝ። በያንዳንዱ ምሳር ላይ ጥቂት ጥቂት ጨው ጨምር። አርባ ገዢ ተካፍሎ ሲሸከመው ማንንም አያጎብጥም። ዛሬ ግን የአርባውን ምሳር ዕዳ ያንድ ልጅ ዓይን ብቻውን ተሸክሞታል። የወጌሻውን ዋጋና አንድ ጥማድ በሬ ለልጁ ስጥ። ውኃው ሲጎድል ሂድና የራስህን ሙግት ከቀጥቃጩ ጋር ተሟገት። እሷ ትጠብቅህ የምንልበት ምክንያት የለም።»

ነጋዴው ሁለት በቅሎ ሸጦ ከፈለ። ኅዳር ላይ አባይን ተሻገረና በተራው ኩታውን ከቀጥቃጩ ጋር ቋጥሮ ዳኛ ፊት ቆመ። ቀጥቃጩ ግን ዝም ብሎ አልተረታም።

«አርባ ምሳር በሳምንት አድርስልኝ ያልከኝ አንተ አይደለህም?» አለው። «ሁለት ሳምንት ስጠኝ፣ የከሰሉንም ዋጋ ጨምርልኝ ብዬ ለመንኩህ። እምቢ አልክ። ‹መስሎ ከታየ ይበቃል፤ ደጋ ላይ ማን ያውቀዋል› አልከኝ። እሳት ያነሰው እኔ ብቻ አሳንሼው ነው?»

የማዶው ዳኞች ካሳውን ለሁለት ከፈሉት፤ ግማሹን ቀጥቃጩ፣ ግማሹን ነጋዴው እንዲችል። ነጋዴው የካሳውን ግማሽ ይዞ ተመለሰ። በሚቀጥለው በጋ ከቀጥቃጩ ደጅ ሲቀመጥ ትንሽ መዶሻ ይዞ ነበር። ከአርባው ሦስቱን መለሰ። መካነ ሰላም ሲደርስ በምሳሩ ዋጋ ላይ ጥቂት ጨመረ። ገበያተኛው መጀመሪያ ተንጫጫ፤ እያደር ግን የሌላውን ትቶ የእሱን ምሳር እየጠየቀ ይገዛ ጀመር። ልጁም በተካሰው በሬ ማረሱን ቀጠለ። የጠፋው ዓይኑ ግን አልተመለሰለትም።

ምሳሌው ይኸው ነው። ፍቺው ረጅም አይደለም።

የባሕር በር የሌለን ሕዝብ ነን። የምንሰካው ቻርጀር፣ ባጃጁ የሚቆምበት የፍሬን ሸራ፣ የቡታጋዙ ራስ፣ ለፀረ አረም የምናዝለው መርጫ፣ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ገብቶ፣ መርካቶ ተራግፎ፣ በደሴ አድርጎ ነው መካነ ሰላም፣ አጅባር፣ ወግዲ የሚደርሰው። ሠሪው ከአባይ ብዙ እጥፍ በሚሰፋ ውኃ ማዶ ነው። ዕቃው ሲፈነዳ ወይም ሲከዳ «ፋብሪካውን ክሰስ» ማለት ለመበለቲቱ ገደሉን ማሳየት ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2085 ጉዳዩን ነክቶታል። ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው እንደወጉ ሲሠራበት በሰው ላይ ጉዳት ካደረሰ፣ ጥፋት መሥራቱ ባይረጋገጥበት እንኳ ኃላፊ ነው። ጉድለቱ በተለመደው ዓይነት ምርመራ ሊታይ የሚችል ከነበረ ግን ኃላፊነቱ ይቀራል። ወይራው፣ ደቦው፣ ገዢው በአውራ ጣቱ መዳሰሱ በምሳሌው ውስጥ የገቡት ለዚህ ነው። ይህ አንቀጽ ግን ሠሪውን እንጂ አስመጪውን በስሙ አይጠራም። ስሙን የጠራው በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነው። ሸማቹ በገዛው ወይም በተጠቀመበት ዕቃ ሲጎዳ፣ ከአምራቹ ወይም ከአስመጪው ጀምሮ እስከ ሻጩ ድረስ በአቅርቦቱ የተሳተፉትን ባንድነትም ሆነ ነጥሎ ካሳ መጠየቅ ይችላል። ከማን ጋር ኩታ መቋጠር እንደሚቀለው የሚመርጠው ተጎጂው ነው፤ እርስ በርስ መካካሱ የነሱ ጉዳይ ነው። አውሮፓውያንም እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት መመሪያ፣ ዕቃን ከውጭ ወደ ገበያቸው የሚያስገባ ነጋዴ እንደ ሠሪው ይቆጠራል ብለው ደንግገዋል።

«ሠሪውን እዚያው አገሩ ድረስ ሄዶ መክሰስስ አይቻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይቻላል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አካባቢ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 157 ሰዎች አልቀዋል። ቤተሰቦቻቸው ቺካጎ ድረስ ሄደው ከሰሱ፤ ቦይንግም በ2014 ዓ.ም. ለካሳው ኃላፊነቱን በፍርድ ቤት ተቀበለ። ያ የሆነው ግን ዓለም የሚያውቀው አደጋ፣ የታወቀ ሠሪና ውቅያኖስ ለመሻገር የተዘጋጁ ጠበቆች ስለነበሩ ነው። ባንድ ምድጃ ለተቃጠለ እጅ ያን ያህል ጠበቃ የሚያቆም የለም። ለሱ ቅርቡ ሰው አስመጪው ነው፤ ንግድ ፈቃድ፣ ቢሮና መጋዘን ያለው፣ ዕቃውን ዓይቶና ዋጋ ተከራክሮ ያዘዘው ሰው።

ያዘዘው ማለቴ ያለ ነገር አይደለም። ፋብሪካ አንዱን ዕቃ በሁለትና በሦስት ደረጃ እንደሚሠራ፣ ርካሹን ወይም ደህናውን የሚመርጠው ግን አስመጪው እንደሆነ ገበያው ሁሉ ያውቃል። «ኦሪጅናል ነው ወይስ ፌክ?» ብሎ የሚጠይቀው ሸማች ጥያቄው የደረሰው ምርጫው ካለቀ በኋላ ነው። «አልሠራሁትም» ብሎ የሚከራከር አስመጪ እውነቱን ነው፤ መልስ ግን አይሆንም። ነጋዴውን ያስረታው ብረቱን መቀጥቀጡ አልነበረም። መዶሻ ሳይዝ መሻገሩ ነው። ካሳ መክፈል እንዳለበት ያወቀ አስመጪ ዕቃው መርከብ ላይ ሳይወጣ ያስፈትሻል፤ መክፈል እንደሌለበት ያወቀ ደግሞ «መስሎ ከታየ ይበቃል» ይላል።

በሱቆቻችን ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ እናያለን። ያ ወረቀት የሚያወራው ስለ ዕቃ ነው፤ ስለ ዓይንና ስለ እጅ የሚለው ነገር የለም። ማንም ባለሱቅ እሱን እያሳየ የተጎዳን ሰው ከደጁ ሊመልስ አይገባውም።

ለአንባቢ የምለው ይህ ነው። ደረሰኝ ጠይቁ፤ የአስመጪው ስም የተጻፈበትን ካርቶን ቶሎ አትጣሉ። ዕቃው ከጎዳችሁ ሰባራውን ለማንም አትስጡ፤ ለቁራሌው አትሽጡ፤ ሻጩ «ልቀይርላችሁ» ቢል እንኳ ለውጡን ተቀብላችሁ ማስረጃውን አታስረክቡ። ያዩትን ሰዎች ስም ያዙ፤ የሐኪም ወረቀት አስጽፉ። ነገሩን በሽምግልና ለመጨረስ ብታስቡም ቀኑን ቁጠሩ፤ ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሰጠው ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ብቻ ነው።